ኮምፒውተሩ ተነስቷል

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዓይኔ ብርሃን ልደት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትንሿ ሊዲያስ እንዴት ናት? የክርስትናዋን ፎቶ ባልሽ ዳግም ልኮልኝ አየሁት። ካህኑ ውኃውን ሲያፈሱባት አፏን ከፍታ ስትጮኽ ቁርጥ አንቺን ናት። አንቺም ክርስትና ስትነሺ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናውጠሽው፣ እናትሽ "ይቺስ መብቷን ታስከብራለች" ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ለዳግም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባለፉት ወራት የተሸከመው ነገር ከባድ እንደነበረ አውቃለሁ፤ አትቆጪው።

አሁን አንድ ነገር እሺ በይኝ። ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢ። አብሮ አደግሽ ሰብሪና ፖስታውን የምትሰጥሽ ቁርስ ከበላሽና ልጅቷ ጠብታ ከተኛች በኋላ ነው፤ እንደዚያ እንድታደርግ አደራ ብያታለሁ። ዳግም ከሥራ ቀርቶ አጠገብሽ ይሆናል። የማኅበራችሁ ሴቶችም እንዲሁ ሊጠይቁሽ የመጡ መስለው ይገባሉ። እንግዲህ ገና እነሱን በር ላይ ስታዪ ነገሩ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። በጠዋት ያን ያህል ሰው ወደ አንድ ቤት ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ተነስቷል።

"አባዬ፣ ተነሳ?" ባልሽኝ ቁጥር "አልተነሳም" ስልሽ ከረምኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዋሽቼሻለሁ። ይሠራል። ስክሪኑ ላይ የምረቃ ፎቶሽ አለ። እናትሽ ግን የለችም። ጸበል አልሄደችም፤ ስለትም አልነበረባትም። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ እዚሁ በአልጋዋ ላይ ዐረፈች። እኔ እጇን ይዤ ነበር፣ አክስትሽ ልዩ ደግሞ እግሯን። መጨረሻ ላይ አልተሠቃየችም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው።

እንዳይነገርሽ የወሰኑት ልዩና የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔም ተስማማሁ። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶብሽ፣ በሦስተኛው ከአልጋ እንዳትነሺ ሐኪም አዞሽ፣ ማን ደፍሮ ይንገርሽ? ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም ተባለ። ስትወልጂ ደግሞ ለአራስ አይነገርም፣ ልጅቷ ክርስትና ትነሳ ተባለ። እነሆ ተነሳች። ነገ ጾም ይገባል፤ ሰብሪናም የንግድ ዕቃ ልታመጣ ነገ ወደ እናንተ ትበራለች። ከዚህ በላይ ላቆየው አልችልም፣ አልፈልግምም።

ከዚህ በታች የምጽፍልሽ የኮምፒውተሩን ታሪክ ነው። አባዬ ጃጅቷል፣ እናቴ ሞታ ስለ ኮምፒውተር ያወራኛል እንዳትዪ። የእናትሽ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ። እዚያ አገር የስልኩ ቪዲዮ አይፈቀድም ብለሽ አንቺው ኮምፒውተሩ ላይ በጫንሽልን ነገር ትደውያለሽ፤ እሷ መሀል ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ካሜራው ወደ እሷ ነው። እኔ ከጎን ነኝ። "የአባዬ ትከሻ እንዴት ነው?" ትዪ ነበር፤ ከእኔ የሚታይሽ እሱ ብቻ ነበርና። ኮምፒውተሩ አርጅቶ እናትሽን አፏን እንደከፈተች ባደረቃት ቁጥር አንቺ በሳቅ ትሞቺ ነበር። በኋላ "ፕሮሰሰሩን ብንቀይረው ይፈጥናል" አልሽና በሰብሪና እጅ ላክሽው። ጭንቅላቱ ነው ብለሽኝ ትልቅ ነገር ስጠብቅ የብስኩት ቁራሽ የምታህል ካሬ ብረት ሆና አገኘኋት።

እናትሽን ያመማት ከዚያ በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው። ሆዴን ያመኛል አለች፣ ምግብ አስጠላት፣ ከዚያ መቅጠን ጀመረች። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ዘግይታችኋል አሉን። እሷ ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣች፣ ገና ኮሪደሩ ላይ ሆነን፣ "ልደት እንዳትሰማ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ሰኔን በዘዴ ነው ያለፍነው። ነጠላዋን እስከ አገጯ ትከናነባለች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ትስባለች፣ መብራቱን ከጀርባዋ ታስደርጋለች። አንቺ "እማዬ፣ ጨለማ ውስጥ ነሽ" ስትያት "አባትሽ መብራት ቆጣቢ ሆኖብኝ ነው" ብላ በእኔ ታሳብባለች። ጡረተኛ ሆኜ ያን ሁሉ ስም ቻልኩት። ሐምሌ ሲገባ ግን ነጠላውም አልሸፍን አለ። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ነው ሰብሪና ፕሮሰሰሩን ይዛ የገባችው።

አላስቀይርም ብንል ትጠረጥሪያለሽ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሜክሲኮ ሃድጉ ዘንድ ወሰድኩት። ሃድጉን ታውቂዋለሽ፣ ፎቅ ሥር ያለችው ጥገና ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀጭኑ ልጅ ነው። አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ ማቀዝቀዣውን መልሶ አሰረና ሊያበራው ሲል መብራት ጠፋ። ጠበቅን ጠበቅን፣ የሚመጣ አልሆነም። "ችግር የለም አባቴ፣ ይሠራል። ቤትዎ ሄደው ያብሩት" አለኝ። አሮጌውንም በትንሽ ላስቲክ አድርጎ "ይቺን አይጣሏት" ብሎ ሰጠኝ። እኔም ሳይሞከር ይዤው መጣሁ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው። ልጄ ከባሕር ማዶ የላከችልኝን ንብረት ገደልኩት ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ዞር ስል እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና ትስቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

"እሰይ!" አለች።

"ምኑ ነው እሰይ የሚያሰኘው?"

"ካየችኝ ትመጣለች። ከመጣች ደግሞ ልጇን ታጣለች። በድምፅ ይበቃታል።"

"ቢሠራስ?"

"አልተሠራም ትላታለሃ።"

ትንሽ አየችኝና "ለካስ አንተ ውሸት አትችልም" አለች። ታውቂኛለሽ እንግዲህ። ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። ለገሃር ምድር ባቡር ስሠራ መንገደኛው "ባቡሩ መቼ ይገባል?" ሲል ባልደረቦቼ "እየመጣ ነው" ብለው ያሰናብቱት ነበር። እኔ "አላውቅም፣ ገና ድሬዳዋ ይሆናል" እለውና ስድቡን ለብቻዬ እጠጣ ነበር። እናትሽ በዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ስቃብኛለች። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም፤ እያሰበች ነበር።

ከዚያ የአንቺ ሐኪምነት ተጀመረ። አንቺ እዚያ አልጋ ላይ፣ እሷ እዚህ አልጋ ላይ፣ እኔ መሀል ላይ መፍቻ ይዤ። ስልኩን በስፒከር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ መነጽሬን አደርጋለሁ፣ አንቺ ታዢኛለሽ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ንቀለው። ነቀልከው?"

"ነቅያለሁ።"

"አሁን ራሞቹን አውጥተህ መልሳቸው፣ ማለቴ እነዚያን ረጃጅሞቹን። ቀጭ እስኪሉ ድረስ ተጫናቸው።"

"ቀጭ ብለዋል። አንዱ ሁለቴ ቀጭ ብሏል።"

"ኧረ አባዬ አትስበረው!"

ክብ ባትሪውን አስወጥተሽ አስመለስሽኝ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን አራት ማዕዘን ሶኬት አስጠበቅሽኝ። ማቀዝቀዣውን አስነስተሽ፣ ያን ነጭ ቅባት አስጠርገሽ፣ ከሥሩ የተጣመመ እሾህ መሰል ብረት እንዳለ በባትሪ መብራት አስፈተሽሽኝ። እናትሽ በዚያ ሕመሟ አልጋዋ ላይ ሆና "ኧረ ቀስ በል፣ አታጣድፈው" ትለኛለች፤ በየመሀሉ ትራሷን ነክሳ ሕመሟን ስትችል ግን አንቺ አላየሽም። አክስትሽ ልዩ ደግሞ አንድ ቀን ሳላያት ጸበል ይዛ መጥታ የኮምፒውተሩ የተከፈተ ሆድ ላይ ረጨችበት። "ምን እያደረግሽ ነው?" ብዬ ስጮኽ "ለሰው የሠራ ለብረት ያንሳል?" አለችኝ። ገመዱ ተነቅሎ ስለነበር እንጂ የዚያን ቀን ቤቱን ባቃጠልነው። ይህን ለአንቺ አልነገርኩሽም ነበር። እናትሽ ሆዷን ይዛ፣ እያመማት፣ ሳቀች።

በመጨረሻ ነገሩን ያገኘሽው አንቺው ነሽ። "ቦርዱ፣ ማለቴ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም አባዬ" አልሽኝ። "አሮጌውን መልሰህ አስገባና አስነሳው። ከዚያ የቦርዱን የራሱን ፕሮግራም እናድሰዋለን። ያን ጊዜ አዲሱንም ይቀበላል። አሮጌው የት ነው?"

አሮጌው የት ነው! እኔ ከእናትሽ ራስጌ ያለው መስኮት ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ እዚያ ግን የለም። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ ቁም ሳጥኑን አራገፍኩ፣ ምንጣፍ አነሳሁ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና ትመራኛለች። "የመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ እየው።" "ከሬዲዮው ኋላስ?" "ጃኬትህ ኪስ ውስጥ እንዳይሆን፣ አንተ እንደሆንክ ዝንጉ ነህ።" እኔም አምኜ ኪሴን ሁሉ ገለበጥኩ። ሜክሲኮ ብሄድ የሃድጉ ቤት ተዘግቷል፤ ወንድሙ ታሞበት አገር ቤት ሄዷል አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ፕሮሰሰር የለንም አሉ። ስለዚህ "አሮጌው ጠፋ፣ አልተነሳም" አልኩሽ። ጆሮዬ አልቀላም። እውነቴን ነበርና።

መስከረም ላይ ድምጿ ሲሰልል ጉንፋን ነው አለችሽ። ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት ከመስቀል በኋላ ነው፤ መቼም ያንን አትረሺውም። "ሴት ከሆነች ሊዲያ በሏት" ያለችሽ ያን ቀን ነው። ከዚያ "እማዬ፣ አይዞሽ፣ ኮምፒውተሩን እናስነሳዋለን" ስትያት "ቀስ ብላችሁ" አለችሽ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላናግራት ብሞክር እጇን ብቻ አወዛወዘችብኝ። ላስነሳትና ቀና ላደርጋት ስሞክር የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ አለቅም አለች። የነጠላ ጫፍ መጨበጥ የእሷ ልማድ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

ስለ ለቅሶዋ ልንገርሽ፤ ማወቅ ይገባሻል። ካዛንቺስ የምታውቂው ሰፈር አይደለም። የብዙ ሰው ቤት ፈርሶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ማን ይመጣል ብዬ ሰግቼ ነበር። ሁሉም መጡ። አዲስ ሰፈር የገቡት አውቶቡስ ተኮናትረው መጡ። የነሰብሪና ቤተሰብ በሙሉ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ዋለ። ሰብሪና በአንቺ ፈንታ ሆና ደረቷን መታች፤ "ልደት ብትኖር" እያለች አለቀሰች። እናትሽ ያረፈችው ከእናቷ፣ ከአያትሽ አጠገብ ነው። ቦታውን ስትመጪ አሳይሻለሁ።

በዚያ መሀል አንቺ ደወልሽ። ስልኩን ይዤ ከድንኳኑ ወጣሁና ልዩን ጠራኋት። የጸበሉን ነገር የፈጠረችው እሷ ናት፤ "ስለት አለባት፣ እስክትወልጂ አትወጣም፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" ብላ እንደ ውኃ አወረደችው። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። ምን ልበልሽ? ስለ እናትሽ አፌን ብከፍት ያልቃል። "ኮምፒውተሩ አልተነሳም" አልኩሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ ሳወራሽ የከረምኩት ለዚህ ነው። ልነግርሽ ከምችለው እውነት የቀረኝ ያ ብቻ ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አክስትሽ ልዩ የእናትሽን ልብስ ለነዳያን ልትሰጥ መለየት ጀመረች። አንቺ በወለድሽ ሰሞን ነው። ያን ነጠላ አንስታ ስታራግፈው ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘች። ሳንቲም መስሏት ፈታችው። "ይሄ ምንድን ነው? የሬዲዮ ዕቃ ነው?" ብላ ልትጥለው ስትል አየሁት።

አሮጌው ፕሮሰሰር ነበር፣ ከነላስቲኩ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልዩ ያመመኝ መስሏት ውኃ ልታመጣ ሮጠች። እኔ ግን ያን ሁሉ ፍለጋ እያሰብኩ ነበር። "ከሬዲዮው ኋላስ?" ትለኛለች፣ እጇ ውስጥ ይዛው። አንቺ እንዳታያት ብቻ ብላ አይደለም የደበቀችው፤ እንደዚያማ ቢሆን ገመዱን ደብቂው ብላ ልዩን ማዘዝ ይበቃት ነበር። እኔ እንድፈልገው፣ አጥቼውም "ጠፋ" እንድልሽ፣ ጆሮዬ ሳይቀላ፣ ሳልዋሽ እንድነግርሽ ብላ ነው። እየሞተች የእኔን ውሸት አለመቻል አስባ ቋጠረችው። በቀብሯ ቀን እንደ ወንድ ቆሜ የዋልኩ ሰውዬ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መጣል ነበረብኝ ይሆናል። ወይም መልሼ መቋጠር። ግን ሃድጉ ተመልሶ መምጣቱን ሰማሁና ወሰድኩለት። አንቺ እንዳልሽው አደረገ፦ አሮጌውን አስገባ፣ አስነሳው፣ የቦርዱን ፕሮግራም አደሰ፣ አዲሱን መለሰ። ተነሳ። በጣም ይፈጥናል፤ ልክ ነበርሽ። ቤት አምጥቼ ቦታው ላይ ሳደርገው የምረቃ ፎቶሽ ወጣ። በጎን እናትሽ ጋዋንሽን ይዛ ትታያለች፣ ወፍራምና ጤነኛ ሆና።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሳላስበው አበራሁት፤ ልማድ ነው። ከጎን፣ በእኔ ወንበር ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ አንቺ ደወልሽበት። እንደማይሠራ እየነገርኩሽ እንኳ በየእሑዱ በዚያ ሰዓት ትሞክሪ እንደነበር አላውቅም ነበር፤ ማን ይነግረኛል? ፎቶሽ መሀል ላይ ወጥቶ ይጮኻል። እጄ ማውዙ ላይ ነበር። ብከፍተው ባዶውን ወንበር ታያለሽ፤ አንቺ ደግሞ ገና የወለድሽ ነሽ። እስኪያቆም ድረስ አየሁሽ። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ወዲያው በስልክ ደወልሽ። "አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ እንዴ? ኦንላይን አየሁት።"

"አልተነሳም" አልኩሽ።

ያ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። ጆሮዬ እንደ እሳት ነደደ። በስልኩ ውስጥ የሊዲያ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ "እሺ አባዬ" አልሽ። "በቃ፣ ነገ ከመጀመሪያው እንሞክረዋለን።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እናትሽ አልጠየቅሽኝም። አንድ ቀን እንኳ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ "እማዬ ደወለች ወይ?" አላልሽም። ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የምትጠይቂኝ። ሐምሌ ላይ የሞከርናቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ታዢኛለሽ። "ገመዱን ንቀለው አባዬ። ራሞቹን አውጥተህ መልሳቸው። ቀጭ አሉ?" እኔም በሚሠራው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ ምንም ሳልነካ፣ "ቀጭ ብለዋል" እላለሁ። ድምፅሽ አንዳንዴ ይቆረጣል፤ ኔትወርኩ ነው ትያለሽ። እኔም ኔትወርኩ ነው እላለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽ አልጠይቅሽም ልጄ። የእናትሽ ልጅ ነሽ።

አሁን የሚቀረኝን ልንገርሽ። ድምጿን የቀዳሁት ነገር የለም። ኮምፒውተሩን ሁሉ ፈለግኩ፤ ቪዲዮ የለም፣ መልእክት የለም። እንዳትጠብቂ ብዬ ነው። ነጠላዋን ለማንም አልሰጠሁም፤ ለአንቺ አስቀምጬዋለሁ። ጫፉን ልዩ ልታጥበው ብላ አስቁሜያታለሁ፤ የቋጠሮው ምልክት አሁንም አለ። አሮጌውን ፕሮሰሰር መልሼ እዚያው ቋጥሬዋለሁ።

ለመንፈቋ ሚያዝያ ላይ ሊዲያን ይዘሽ ነይ። ዳግም ፈቃድ ቢያጣ እንኳ ብቻሽን ነይ። በቀብሯ ቀን እዚህ ስላልነበርሽ የቀረብሽን ለቅሶ ያን ጊዜ ታለቅሻለሽ፤ ሰው ሁሉ እንደገና ይመጣልሻል፤ ማንም ጊዜው አልፏል አይልሽም። እኔንም ልትቆጪኝ ብትፈልጊ በዚያው ተቆጪኝ። እናቴን አፈር ሳላለብሳት አስቀራችሁኝ ብትዪ እውነትሽን ነው።

እስከዚያው ግን በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አበራዋለሁ። ካሜራውን አላዞርኩትም፤ ወደ እሷ ወንበር እንዳየ ነው። እኔ እንደ ድሮው ከጎን እቀመጣለሁ፣ ትከሻዬን ታዪዋለሽ። ስትደውዪ አነሳለሁ። አንድ ቃል መናገር ቢያቅትሽ፣ ስለ እሷ ማውራት ባትፈልጊ፣ ወይም እኔን ማናገር ቢያስጠላሽ፣ "አባዬ፣ ገመዱን ንቀለው" በይኝ። እነቅለዋለሁ። ይቋረጥብናል፣ መልሼ እሰካዋለሁ፣ መልሰሽ ትደውያለሽ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ፈጣሪ ጽናቱን ይስጥሽ። የእናትሽን እጅ ያገኘሽ ልጅ ነሽና እጅሽ ይባረክ። ሊዲያን ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ከአያቷ ዕድሜ የጎደለውን ጨምሮ ለእሷ ይስጣት። ዳግምን ይጠብቅልሽ። ሰብሪናን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ መሸከም ቀላል አይደለም።

አባትሽ
ካሳይ

ማስታወሻ፦ ማራገቢያው ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል፣ ግርርር ይላል። ይሄኛው እውነት ነው። ምን ላድርግ?